በጨለማ ከውሃ በላይ ሲበሩ ላይና ታች እንዳይምታታብዎ፦ ለትንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች

ሐምሌ 9 ቀን 1991 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1999) ከምሽቱ 2:38 ላይ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን ኬኔዲ ፓይፐር ሳራቶጋ የምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኑን ከኒው ጀርሲ አስነሣ። ከባለቤቱና ከእህቷ ጋር ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ሲያመራ 3:41 አካባቢ ባሕር ውስጥ ወደቁ፤ ሦስቱም ሞቱ። ከአደጋው በፊት የደረሰ የሞተርም ሆነ የአካል ብልሽት አልተገኘም። አየሩም ሕጉ የሚከለክለው ዓይነት አልነበረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምክንያቱን እንዲህ አስቀመጠው፦ አብራሪው በሌሊት ከውሃ በላይ ሲወርድ የአቅጣጫ ስሜቱ ተዛብቶ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃተው፤ ጭጋጉና ጨለማው አባባሱት። ወደ 310 ሰዓት በርሯል፤ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለው ፈቃድ ግን አልነበረውም።

ጥፋተኛው ጆሮ ነው። በውስጥ ጆሮ ያሉት ቱቦዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ መዞርን የሚነግረን ዙሩ ሲጀምርና ሲያቆም ብቻ ነው። ክንፉ ቀስ ብሎ ካዘነበለ (በሰከንድ ከ2 ዲግሪ በታች) ምንም አይሰማም። ዙሩ ለ20 ሰከንድ ያህል ሳይቋረጥ ከቀጠለ ደግሞ ፈሳሹ ከቱቦው እኩል መዞር ይጀምርና ቀጥ ብለው የሚበሩ ይመስልዎታል። ክንፉን ሲያስተካክሉ በተቃራኒው የዞሩ ይመስልዎታልና ሳያውቁት ወደ ቀድሞው ዝንባሌ ይመልሱታል። ቀን ላይ አድማሱ ይህን ውሸት ያጋልጣል፤ ጨለማና ጭጋግ ሲገናኙ ግን ባሕሩና ሰማዩ አንድ ጥቁር መጋረጃ ይሆናሉ።

ስለዚህ ዋናው ሥራ መሬት ላይ ያልቃል። የአሜሪካ ሕግ በብዙ ቦታ 3 ማይል እይታ ካለ የመሣሪያ ፈቃድ የሌለው አብራሪም በሌሊት እንዲበር ይፈቅዳል፤ እኛ ግን ይህን ቁጥር ለባሕር ላይ በረራ አንቀበለውም። እይታ ማለት መብራት ከርቀት ማየት እንጂ አድማስ ማየት አይደለም። የሙቀት መጠኑና የጤዛ ነጥቡ (በአየሩ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታ የሚለወጥበት የሙቀት መጠን) ልዩነት ከ3 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ጉም ሊነሣ ነው። የጨረቃዋንም ቀን ይቁጠሩ፤ በዚያ ምሽት ሰማይ ላይ የነበረችው ቀጭን ጨረቃ ናት። መንገዱንም የመብራት ሰንሰለት ባለበት ዳርቻ በኩል ያስይዙ። ኬኔዲ የባሕሩን ዳር ይዞ ሲሄድ ቆይቶ ከሮድ አይላንድ ጠረፍ በኋላ ወደ 30 ማይል የሚጠጋውን ክፍት ባሕር ለማቋረጥ ገባ። ዳርቻውን መከተል የሚጨምረው ደቂቃዎችን ብቻ ነው።

አውቶፓይለት ካለ (ሳራቶጋዋ ነበራት) አድማሱ ከመጥፋቱ በፊት ያብሩት፤ ክንፍና ከፍታ ያስይዙት። ቁልፎቹን በጨለማ በእጅ ዳሰሳ ማግኘትን መሬት ላይ ይለማመዱ። እስክሪብቶና ካርታ ጭን ላይ ይሁኑ፤ በዙር ላይ ሆኖ የወደቀ ነገር ለማንሣት ጎንበስ ማለት ብቻውን ጭንቅላትን ያዞራል።

አድማሱ ከጠፋ ዓይንዎን ወደ ውስጥ ይመልሱ፣ ደግመውም ወደ ውጭ አይፈልጉ። መነሻዎ ሰው ሠራሽ አድማሱ (የክንፉንና የአፍንጫውን ዝንባሌ የሚያሳየው መሣሪያ) ነው፤ ከእሱ ወደ ከፍታ መለኪያው፣ ተመልሰው ወደ እሱ፣ ከዚያ ወደ አቅጣጫ መለኪያው፣ እንደገና ወደ እሱ። ሰው ሠራሽ አድማሱ ክንፉ ቀጥ ብሏል እያለ አቅጣጫ መለኪያው የሚዞር ከሆነ አንዱ ተበላሽቷል፤ በዙር መለኪያው ያስታርቋቸው። ለመመለስ በሰከንድ 3 ዲግሪ ይዙሩ፤ በአንድ ደቂቃ 180 ዲግሪ ይሆናል። በ100 ኖት ይህ 15 ዲግሪ ገደማ ዝንባሌ ነው፤ ከዚያ አይለፉ። ራዲዮውንም አይፈሩት፤ ያሉበትን የራዳር ጣቢያ፣ ካልሆነ በአደጋ ጊዜ የራዲዮ ሞገድ 121.5 ይጥሩ፤ ትራንስፖንደሩን (ለራዳር ምላሽ የሚሰጠውን መሣሪያ) በአደጋ ኮዱ 7700 ላይ ያድርጉ። ከዚያች አውሮፕላን አንድም የድረሱልኝ ጥሪ አልተሰማም።

አሁን ገዳዩን ዙር እንይ። ክንፉ ሲያዘነብል አፍንጫው ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። አብራሪው ከፍታው ሲቀንስ አይቶ መሪውን ይስባል። ክንፉ ያዘነበለ ነውና መሳቡ አውሮፕላኑን ወደ ላይ አያወጣም፤ ዙሩን ያጠብቃል እንጂ። የኬኔዲ አውሮፕላን በመጨረሻ በደቂቃ ከ4,700 ጫማ በላይ እየወረደች ነበር። መውጫው ሦስት እርምጃ ነው፣ ቅደም ተከተሉም አይቀየርም፦

1. የሞተሩን ኃይል እስከ መጨረሻ ይቀንሱ።
2. መሪውን ሳይስቡ ክንፉን ያስተካክሉ። ጆሮዎ «ተሳስተሃል» ይልዎታል፤ አይስሙት።
3. ክንፉ ቀጥ ሲል ብቻ አፍንጫውን በእርጋታ ያንሡ። የዚህ ዓይነት አውሮፕላን በአብዛኛው የተሠራው እስከ 3.8 እጥፍ የስበት ጭነት እንዲችል ነው፤ በከፍተኛ ፍጥነት ጎትተው ቢስቡት ክንፉ ሊሰበር ይችላል።

ሦስተኛው ላይ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ፦ ፍጥነቱ ትርፍ ስለሆነ ክንፉ እንደተስተካከለ አፍንጫው ራሱ ወደ ላይ ይነሣል። ያኔ የሚያስፈልገው መሳብ ሳይሆን መግፋት ሊሆን ይችላል። ይህን ከአሠልጣኝ ጋር፣ ዓይንን ከውጭ የሚከልል ግንባር ጥላ አድርገው፣ በቂ ከፍታ ላይ ደጋግመው ይለማመዱት።