የምዕራቡን የፖለቲካ ፍልስፍና ከራሱ ከመጽሐፉ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

ማኪያቬሊ፣ ሆብስ፣ ሎክ፣ ሩሶ። ስማቸው በየውይይቱ ይጠራል፤ መጽሐፋቸውን የገለጠ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ከዩቲዩብ ማጠቃለያ ነው። ማጠቃለያ ደግሞ ድምዳሜውን ይነግረናል እንጂ ሰውዬው እዚያ እንዴት እንደደረሰ አያሳየንም። ክርክሩን ሳናይ በምኑ እንስማማለን? በምኑስ እንቃወማለን?

ሁለት መጽሐፍ ብቻ ምረጡ

ከፕላቶ ተነስቼ እስከ ማርክስ በቅደም ተከተል አነባለሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፕላቶ ላይ ይቀራል። እኔ የምመክረው የቶማስ ሆብስን «ሌዋታን» እና የጆን ሎክን «ሁለተኛው ድርሳን ስለ መንግሥት» ጎን ለጎን ማንበብ ነው። ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው። ሁለቱም መንግሥት ባይኖር ሰው እንዴት ይኖር ነበር ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሳቸው ግን ለየቅል ነው። ብዙ ሰው በማኪያቬሊ «ልዑል» ይጀምራል፤ አጭርና አጓጊ ነው። ክፋት የለውም፤ ግን ምክር የበዛበት ስለሆነ ክርክርን ደረጃ በደረጃ መከተል አያለማምድም።

መጽሐፎቹ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የነጻ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ግን አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ሰው እንኳ ይከብዳል። ፈላስፋው ጆናታን ቤኔት ቋንቋውን አቅልሎ ያዘጋጃቸው ቅጂዎች «ኧርሊ ሞደርን ቴክስትስ» የሚባል ድረ ገጽ ላይ አሉ። በእነሱ ጀምሩ፤ ደስ ያላችሁን ገጽ ከዋናው ጋር አስተያዩ። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ። አትስሟቸው።

ለዘመኑ ታሪክ ግማሽ ሰዓት ይበቃል

«ሌዋታን» የታተመው በ1651 ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ታምሳለች፤ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በ1649 አንገቱ ተቀልቷል። ሆብስ ፓሪስ ተሰዶ ነበር። የሎክ መጽሐፍ የወጣው ደግሞ ንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ አገር ጥሎ ከሸሸ በኋላ፣ በ1689 መጨረሻ ነው፤ ያውም ያለ ደራሲ ስም። ሆብስን የሚያስፈራው የመንግሥት መፍረስ ነው፤ ሎክን የሚያስፈራው ልጓም ያጣ ንጉሥ ነው።

ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ

«ሌዋታን» 47 ምዕራፍ አለው። የመጀመሪያዎቹ ስለ ስሜት ሕዋሳትና ስለ ንግግር ስለሆኑ ብዙ አንባቢ እዚያው ይደክማል። በቀጥታ ወደ ምዕራፍ 13 ሂዱ፤ ጥቂት ገጽ ነው። ከዚያ 14፣ 17 እና 18። ከሎክ 2፣ 5፣ 9 እና 19።

አንዱን ምዕራፍ መጀመሪያ ሳትቆሙ አንብቡት። ሁለተኛ ስትመለሱ እርሳስ ያዙና ከየአንቀጹ ጎን ሰውዬው ምን እየሠራ እንደሆነ በአማርኛ በአጭሩ ጻፉ፤ ምክንያት እየሰጠ ነው? ምሳሌ እያመጣ ነው? ተቃውሞ እየመለሰ ነው? ምዕራፍ 13ን እንዲህ ስታደርጉት የሚገርም ነገር ይወጣል። ሆብስ «ሰው ክፉ ነው» አለ ሲባል ሰምታችኋል። እሱ ግን የሚነሳው ከእኩልነት ነው። ደካማውም በተንኮል ወይም ከሌሎች ጋር አብሮ ጠንካራውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የሚፈልገውን አገኛለሁ የሚለው ተስፋ የሁሉም እኩል ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ነገር ከፈለገ ይጣላል። የጠብ ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው፦ ጥቅም፣ ስጋትና ክብር። ፍላጎትማ በራሱ ኃጢአት አይደለም ይላል።

ቀጥሎ «አጋነንከው» የሚለውን አንባቢ ያፋጥጠዋል። ስትተኛ በርህን ለምን ትቆልፋለህ? ቤትህ ውስጥ ሆነህስ ሳጥንህን? ሕግና ሹም እንዳለ እያወቅህ ይህን ስታደርግ፣ ስለ አገርህ ሰዎች፣ ስለ ልጆችህና ስለ አገልጋዮችህ ምን እያልክ ነው? ማጠቃለያዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህንን ነው።

በሦስተኛው ዙር ስንጥቅ ፈልጉ። የሎክ ምዕራፍ 5 ለዚህ ምርጥ ነው። ሰው የራሱ አካልና የጉልበቱ ባለቤት ነው፤ ጉልበቱን ያፈሰሰበት ነገርም፣ ለሌላው የሚበቃና ያን ያህል ጥሩ የሆነ እስከተረፈ ድረስ፣ የእሱ ይሆናል ይላል። ጥሩ። ግን አንቀጽ 28 ላይ ፈረሴ የጋጠው ሣር፣ አገልጋዬ ከነሣሩ ቆርጦ ያነሳው አፈር፣ እኔ የቆፈርኩት ማዕድን የእኔ ነው ሲል ቆም በሉ። አገልጋዩስ? የጉልበቱ ባለቤት እሱ ከሆነ አፈሩ እንዴት የጌታው ሆነ? ምሁራን እስከ ዛሬ የሚነታረኩበት ቦታ ነው፤ እናንተም ያለማንም እርዳታ ደረሳችሁበት።

ከሰው ጋር ተከራከሩበት

ሦስት አራት ሆኖ ማንበብ ይሻላል። የጥናት ክበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአብዮቱ ዘመን ተማሪዎች ማርክስንና ሌኒንን ያነበቡት እንዲህ ነው። እንደ እኔ ያኔ የጎደለው የተቃራኒውን ወገን መጽሐፍ በዚያው ትጋት ማንበብ ነበር። ስለዚህ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ሆብስን የማይወደው የሆብስ ጠበቃ ይሁን።

የሊቃውንቱን ማብራሪያ የምትከፍቱት ከዚህ በኋላ ነው። ሦስተኛው መጽሐፍ የሩሶ የ1755 ድርሳን ስለ እኩልነት መጥፋት ይሁን፤ ሆብስን በስሙ ጠርቶ ይሞግተዋል። ከዚያ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት በ1792 ስለ ሴቶች መብት የጻፈችውን መጽሐፍ አንብቡ። እሷ ደግሞ ራሱን ሩሶን፣ ስለ ሴቶች ትምህርት በጻፈው፣ ልክ ታገባዋለች።