ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፦ ወላጁ የሞተበትን ልጅ እንዴት እንደግፈው?

አባቴ ሲሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። «አባትሽ ለሕክምና ውጭ አገር ሄዷል» ብለው ጎረቤት ቤት ወሰዱኝ። በመስኮት ግን ግቢያችን ውስጥ የተተከለው ድንኳን ይታየኝ ነበር። እውነቱን የነገረችኝ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት የተጣላኋት ልጅ ናት። «ደግሞ አባትሽ ሞቷል!» አለችኝ። ጠጠሯ እጄ ላይ ነበረች።

የዋሹኝ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። አሳዘንኳቸው እንጂ። ከዓመታት በኋላ የእህቴ ባል ሲሞት፣ ለሰባት ዓመት ልጁ የመንገሩ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ያኔ ነው የገባኝ፤ መዋሸት ምን ያህል እንደሚቀል። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ የተማርኩት ነው፣ ያበላሸሁትም ጭምር።

መጀመሪያ፦ ጡሩምባው ሳይነፋ ንገሩት

ለትልቅ ሰው መርዶ ስንነግር እንጠነቀቃለን። ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ የሚቀርበው ሰው ከፊት ይሆናል። ልጅ ግን ከጩኸቱ እንዲረዳ እንተወዋለን። የእድሩ ጥሪ ከመሰማቱና ለቀስተኛው ግቢውን ከመሙላቱ በፊት ልጁ ማወቅ አለበት። የሚነግረው የቀረው ወላጅ ቢሆን ጥሩ ነው። እሱ ካልቻለ ልጁ በጣም የሚያምነው ሰው ይንገረው። ሰው አይብዛ። ቁጭ በሉና ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ቃሉን ምረጡ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። «አባትህ አረፈ» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «እሺ፣ ሲነሳ ንገሪኝ» ብሎ ወደ መጫወቻው ተመለሰ። ምን ያድርግ? እሱ የሚያውቀው እረፍት ከሥራ መልስ ሶፋ ላይ ጋደም ማለትን ነው። «አንቀላፋ» የተባለ ልጅ ደግሞ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «ጥሩ ሰው ስለሆነ እግዜር ወሰደው» ከተባለም፣ ጥሩ ልጅ መሆን ያስፈራዋል። ስለዚህ «ሞተ» በሉ። ለጆሮ ይከብዳል፣ ግን ሌላ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛ ስሞክር እንዲህ አልኩት፦ «አባትህ ታሞ እንደነበር ታውቃለህ። ሐኪሞቹ ብዙ ሞከሩ። ሊያድኑት አልቻሉም። ዛሬ ሌሊት ሞተ። ሞተ ማለት ልቡ መምታት አቁሟል። አይተነፍስም፣ አያመውም፣ አይበርደውም። ተመልሶም አይመጣም።» ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ። ስለ ገነት፣ ስለ ነፍስ፣ በየሃይማኖታችሁ የምታምኑትን ከዚያ በኋላ ንገሩት። ከፊት ከመጣ ሞቱን ይሸፍነዋል።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት ለዘለዓለም እንደሆነ በደንብ አይገባውም። ነገ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ይላችኋል። ከነገ ወዲያም ይደግመዋል። አትቆጡት። ያንኑ መልስ፣ በዚያው ቃል መልሱለት።

ልጁ የማይጠይቃችሁ ግን ውስጡን የሚበሉት ሦስት ነገሮች አሉ። በኔ ጥፋት ነው? አንቺም ትሞቻለሽ? እኔንስ ማን ይይዘኛል? ሳይጠይቅ መልሱለት። የእህቴ ልጅ፣ አባቱ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ብስክሌት ስላልተገዛለት «አልወድህም» ብሎት ነበር። ይህን የነገረን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሁለት ወር ሙሉ «እኔ ገደልኩት» ብሎ ሲያስብ ኖሯል! «ቃል ሰውን አይገድልም፣ አባትህን የገደለው በሽታው ነው» በሉት። «አልሞትም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። «ደህና ነኝ። ብዙ ዓመት አብሬህ ለመኖር ነው ሐሳቤ። እኔ ባልኖር ደግሞ አክስትህ አለች» ማለት ይሻላል።

ከለቅሶው አታርቁት፣ ብቻውንም አትተዉት

ለቅሶ ቤት ይግባ ወይስ አይግባ? ልጁን ጠይቁት። ከመግባቱ በፊት ግን የሚያየውን ንገሩት፦ ሰዎች ይጮኻሉ፣ ደረታቸውን የሚመቱ አሉ፣ እማዬም ታለቅሳለች፣ አንተን ግን ማንም አይቆጣህም። አንድ ሰው ለእሱ ብቻ መድቡ። «እንውጣ» ሲል እጁን ይዞ የሚወጣ፣ ውኃ የሚያጠጣ። ወደ ቀብር መሄድ ከፈለገም እንዲሁ ነው። ሥላሴም ሆነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ስለ ሳጥኑና ስለ አፈሩ አስቀድሞ ይስማ። በሙስሊም ቤተሰብ ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም፣ ለመንገር ያላችሁ ሰዓት ትንሽ ናት።

በለቅሶው መሐል ኳስ ሲያባርር ታገኙት ይሆናል። «ልጅ ምን ያውቃል» ይላል ለቀስተኛው። ያውቃል። ልጅ ሐዘንን በአንድ ጊዜ አይሸከምም። ትንሽ ያለቅሳል፣ ይጫወታል፣ ማታ ደግሞ ይመለስበታል።

አንድ ነገር ግን በሩ ላይ ቆማችሁም ቢሆን ከልክሉልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፣ እናትህን አደራ!» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ለኛም አንድ መጣልን። ልጁ በዚያ ሌሊት ከአልጋው ሦስት ጊዜ ተነስቶ በሩ መቆለፉን አየ። የሰባት ዓመት ልጅ! «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው።

ድንኳኑ ሲነሳ

የልጁ ሐዘን በደንብ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከሠልስት በኋላ ሰው ይሳሳል፣ እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ይሰበስባል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ ትላንት የነበረውን ነገር ዛሬም ማግኘት አለበት። በዚያው ሰዓት ይተኛ፣ በዚያው ሰዓት ይብላ። ቤት መቀየርን የመሰለ ትልቅ ነገር ከተቻለ ይቆይ። እርግጥ በእነዚህ ዓመታት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ምርጫ አልነበራቸውም። እንዲህ ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ጎረቤቶቹን ፈልጋችሁ አገናኙት። አባቱን የሚያውቁለት እነሱ ናቸው።

ልብሱን ለነዳያን ከመስጠታችሁ በፊት ለልጁ አሳዩት። የኛ ልጅ ከዚያ ሁሉ ሱፍ መሐል የመረጠው አንድ አሮጌ ሹራብ ነው። ብብቱ የተተረተረ። ስልኩን ደግሞ አደራ፣ ፎርማት አታስደርጉ! ፎቶውን፣ በቴሌግራም የላከውን ድምፅ ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ልጁ ዛሬ መስማት ላይፈልግ ይችላል፤ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ይጠይቃችኋል።

ስሙን ጥሩለት። አባቱ እሁድ እሁድ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር ወስዶ ስፕሪስ ይጋብዘው ነበር። እህቴ ያንን ቀጠለች። የመጀመሪያ ቀን ሁለቱም ጭማቂው ላይ አለቀሱ። አስተናጋጁ ግራ ገባው። ልጁ ፊት ማልቀስ ችግር የለውም፤ ለምን እንደምታለቅሱ ብቻ ንገሩት። አርባውና ሙት ዓመቱ ሲደርስም ሥራ ስጡት፣ ጧፍ ማብራትም ቢሆን።

መቼ ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው?

አልጋ ላይ መሽናት፣ የሆድ ቁርጠት፣ እናቱን አለቅ ማለት፣ መነጫነጭ፣ መጀመሪያ አካባቢ ያለ ነው። ስድስት ወር አልፎ ሐዘኑ ካልቀለለ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ቢሆን አልበላ ካለ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ከተወ፣ ሰው አማክሩ። «አባዬ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» ካለ ናፍቆት ሊሆን ይችላል፤ ግን ረጋ ብላችሁ «እንዴት ነው የምትሄደው?» ብላችሁ ጠይቁት። ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታልም አለ። ስሙ ሲጠራ ሰው እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። ሐኪም ቤት ነው። ጸበሉንም ጸሎቱንም ማንም አልከለከላችሁም።

ትምህርት ቤት ከመመለሱ በፊት

የክፍል ኃላፊዋን አግኟት። አስተማሪዋ ካላወቀች «ነገ አባትህን ይዘህ ና» ልትለው ትችላለች። የወላጆች ቀን ሲመጣም ከማን ጋር እንደሚገባ ቀድሞ ይወሰን።

ሌላም አለ። የልጆቻችን ሁለተኛ ስም የአባታቸው ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ የሟቹን ስም ይሰማል። ይህ ቀድሞ ትዝ ያለው ለኔ አይደለም፣ ለአስተማሪዋ ነው። የተመለሰ ቀን ከክፍል ውጭ ጠርታ «ስምህን ብቻ ልጥራ ወይስ ከነአባትህ?» አለችው። ጫማውን እያየ ትንሽ አሰበ።

«ከነአባቴ» አላት።