ላፕቶፕ ከመፍታታችሁ በፊት ባትሪውን ንቀሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ወይም ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫውን) ራሳችሁ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ላፕቶፑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የጀርባውን ክዳን እንደከፈታችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች ከሚገናኙበት ዋና ሰሌዳ) ላይ አውጡ፣ ከዚያ ማብሪያውን ለ10 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። እኔ ይቺን ዘልዬ አንድ ማዘርቦርድ አቃጥያለሁ፣ ቡናው ቶና ላይ እንኳ ሳይደርስ!

በበጋ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ሹራብ ለብሳችሁ አትሥሩ። ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሳይታወቃችሁ ቺፕ ይገድላል፤ ቀለም ያልተቀባ ብረት ነካ አድርጋችሁ ጀምሩ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ አትቀላቅሏቸው።

ባትሪው ካበጠ ግን በካቻቢቴ እንዳትፈነቅሉት። ሊቲየም ነው፣ ከተበሳ እሳት ነው። ቻርጅ ማድረጉን አቁማችሁ ለባለሙያ ስጡት።