ካሜራው አለ፣ ሌባው ግን አይታወቅም፦ ሲሲቲቪ ስናስገጥም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ፒያሳ ወይ አረብ ሰፈር ዞር ዞር ብትሉ ሞባይል ቤቱም ቡቲኩም ፋርማሲውም በሩ ላይ ካሜራ ሰቅሏል፣ ጥሩ ነው። ችግሩ ሱቅ ተሰብሮ ቪዲዮው ሲከፈት ነው። ኮፍያ ያደረገ ሰው ይገባል፣ ዕቃ ይሸክማል፣ ይወጣል፣ ሰፈርተኛው ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ "ይሄ እንትና አይደል እንዴ" ሲል ያመሻል፣ በቃ። ከዛ "ካሜራ ምን ዋጋ አለው" ይባላል። ዋጋማ አለው። እንግሊዝ ሀገር በባቡር መስመሮች ላይ በፈረንጅ ከ2011 እስከ 2015 የተፈጸሙ ከ250 ሺ በላይ ወንጀሎችን ያየ ጥናት፣ ፖሊስ ቪዲዮ ካገኘባቸው ጉዳዮች 65 በመቶው ላይ ቪዲዮው ለምርመራው ጠቅሟል ይላል። እኛ ጋ ሳይጠቅም የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ያው በያው ነው።

"ሌባ እንዳይደርስበት ከፍ አድርገው" የሚባል ነገር አለ። ገጣሚው ልጅም መሰላሉን ዘርግቶ 4 እና 5 ሜትር ላይ ይሰቅለዋል፣ ከዛ ሆኖ የሚታየው የኮፍያ ጫፍና ትከሻ ነው። ሰፊውን የሚያይ አንድ ካሜራ ከላይ ይኑር ግድ የለም፣ ሌላ አንድ ግን 2 ሜትር ከምናምን ላይ ሆኖ በሩ ላይ ፊት የሚይዝ ያስፈልጋል። በሩ ወደ ፀሐይ የዞረ ከሆነ ደግሞ የሚገባው ሰው ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ነው የሚቀረጸው፣ ደብሊው ዲ አር የሚባለው (ደማቁንና ጨለማውን አመጣጥኖ የሚያሳየው) ያለውን ጠይቁ፣ ሴቲንጉ ላይ እሱ መከፈቱንም ራሳችሁ እዩ።

ቀጥሎ "አንድ ካሜራ ግቢውን በሙሉ ያሳየኛል" የሚለው። ያሳያል፣ ግን ማንን? የማታውቁትን ሰው ፊት በደንብ ለመለየት ዓለም አቀፉ መስፈርት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) ይላል። 1080 የሚባለው ካሜራ ወደ ጎን ያለው 1920 ፒክስል ነው፣ ስለዚህ ፊት የሚለየው ከ7 ሜትር ተኩል ባልሰፋ ምስል ላይ ነው፣ በየሱቁ የሚገጠመው 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ያንን ስፋት 3 ሜትር አካባቢ ርቀት ላይ ይጨርሰዋል። ከዛ ወዲያ የቆመ ሰው ሰው መሆኑ ይታወቃል እንጂ እገሌ መሆኑ አይታወቅም። ዙም አድርግልኝ ብላችሁ ልጁን አታስጨንቁት፣ መጀመሪያ ያልተቀረጸ ፊት በዙም አይመጣም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ግን ሰዓቱ ነው። ብዙ ዲቪአር (ካሜራዎቹ ያዩትን የሚቀርጸው ማሽን) ከካርቶኑ ሲወጣ የቤጂንግ ሰዓት ላይ ነው ያለው፣ ከኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል፣ ገጣሚው ሳይነካው ይሄዳል። አሁን ሌባው ማታ 3 ሰዓት ገባ እንበል። በፈረንጅ 21፡00 ነው፣ ማሽኑ ላይ ግን 02፡00 ተብሎ የሚቀጥለው ቀን ውስጥ ነው ያለው፣ ባለሱቁ "3 ሰዓት ነው" ብሎ 03፡00ን ይከፍታል፣ ባዶ መንገድ፣ "አልቀረጸም" ብሎ ይደመድማል፣ ቪዲዮው እዛው ቁጭ ብሎ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ካለቀች ደግሞ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ተመልሶ 2000 ወይ 1970 ሊል ይችላል። ይሄ ቀላል ይመስላል እንጂ ፖሊስ ሌባውን የሚከተለው የናንተን ቪዲዮ ከጎረቤቱና ከማዕዘኑ ባንክ ካሜራ ጋር እያገናኘ ነው፣ ባጃጁ እዚህ በዚህ ደቂቃ፣ እዛ በዛ ደቂቃ እያለ፣ ሁሉም የየራሱ ሰዓት ካለው ክሩ ይበጠሳል። በወር አንዴ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። ስርቆት ከተፈጠረ በኋላ መዛባቱን ካያችሁ ግን ወዲያው አታስተካክሉ፣ ስክሪኑንና የስልካችሁን ሰዓት ጎን ለጎን ፎቶ አንሱ፣ ልዩነቱ ለመርማሪው ይጠቅማል።

ሐይቁ አካባቢ፣ አሞራ ገደል በሉት ሌላ ቦታ፣ ማታ ማታ ሌላ ጣጣ አለ። የካሜራው የኢንፍራሬድ መብራት (በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው፣ ለዓይናችን የማይታይ ብርሃን) አጠገብ ትንኝ ይሰበሰባል፣ ትንኝ ባለበት ሸረሪት ይመጣል፣ ድሩ ሌንሱ ፊት ተዘርግቶ በመብራቱ ነጭ ሆኖ ምስሉን ይሸፍነዋል፣ አፑም ሌሊቱን ሙሉ "እንቅስቃሴ አለ" እያለ ይጮሃል፣ ባለቤቱ ሰልችቶት ኖቲፊኬሽኑን ይዘጋዋል፣ ሌባው የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። በየጊዜው በመጥረጊያ ጥረጉት፣ ከቻላችሁ የካሜራውን መብራት አጥፍታችሁ ራቅ ያለ አምፖል አብሩ፣ ቀለምም ታገኛላችሁ። በኢንፍራሬድ የተቀረጸ ልብስ ቀለሙ አይታመንም፣ ጥቁር ጃኬት ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ እና "ነጭ ጃኬት የለበሰው ነው" ብላችሁ የሰው ልጅ እንዳታስይዙ።

ዲቪአሩን ባንኮኒ ላይ ከቲቪው ስር ማስቀመጥማ ለሌባው ማስረጃውንም ጨምሮ ማስረከብ ነው። የሚቆለፍ ቦታ አስገቡት። ቆጣሪው ውጭ ከሆነ ደግሞ አጥፍቶት ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ግዙ፣ ግን ዲቪአሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ለካሜራዎቹ መብራት የሚሰጠው ዕቃና ራውተሩ ላይም።

ሃርድ ዲስክ ላይ አትቆጥቡ። 4 ካሜራ እያንዳንዱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀርጽ 1 ቴራ የሚይዘው 11 ቀን ገደማ ነው፣ ከዛ በራሱ ላይ ይጽፍበታል። ዕቃ መጉደሉን በወሩ ቆጠራ የሚያውቅ ሰው ያኔ ቢከፍት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ፓስዎርዱን 12345 ብሎ መተውም አለ። በፈረንጅ 2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ ሺ የሚቆጠሩ ካሜራና ዲቪአሮችን የያዘው ፋብሪካ የሰጣቸው ፓስዎርድ ሳይቀየር ስለቀረ ነው። ገጣሚው ከሄደ በኋላ ራሳችሁ ቀይሩት። ካሜራውንም የጎረቤት ግቢ ላይ አታዙሩ፣ ለጉርብትናው ስትሉ ብቻ አይደለም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ የሰው ምስልም የግል ዳታ ነው።

መጨረሻ ላይ ስክሪኑን በስልክ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ። ከፖሊስ በፊት ሌባው ያየዋል፣ ልብሱን ጥሎ ከተማ ይለቃል፣ ወይም መልኩ የሚመስል ምስኪን ይደበደባል። መጀመሪያ የተነካካውን ነገር ሳትነኩ ለፖሊስ ደውሉ፣ ዋናውን ፋይል ከዲቪአሩ በሁለት ፍላሽ አውጡ፣ አንዱ ለመርማሪው አንዱ ለናንተ፣ ሌባው ከመግባቱ በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓትም ጨምሩ ምክንያቱም ኮፍያውን ዝቅ ሳያደርግ አላፊ መስሎ ሱቁን ሲያይ የተቀረጸው እዛ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መርማሪው በቴሌግራም ላኩልኝ ካላችሁም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት፣ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ጥራቱ ይወርዳል።