ስንቅ ሲያደርሱ ከዕፅ ክስ ለመራቅ፦ ጠያቂዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ማረሚያ ቤት በር ላይ አደንዛዥ ዕፅ ይዞ የሚገኘው ሁሉ ነጋዴ አይደለም። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ተከሳሽ ሆኖ የሚቀርም አለ።

«ትንሽ ናት» ብሎ መናቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ መያዝን፣ ማጓጓዝንና ለሌላ ማቀበልን ከማምረትና ከመነገድ ጋር በአንድ ንዑስ አንቀጽ አስቀምጧቸዋል። ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው። ከዚህ ግራም በታች ከሆነ ይለፍ የሚል ነገር የለውም። መጠኑ ቅጣቱን ያቀልል ይሆናል እንጂ ከክስ አያድንም።

«ውስጥ አልገባም እኮ!» የሚለው ክርክርም ብዙ አያስኬድም። ካናቢሱ ኪስዎ ውስጥ ከተገኘ መያዙ ያኔውኑ ተፈጽሟል፤ ታራሚው እጅ መድረሱ አይጠበቅም።

ከሁሉ የሚከፋው የሰው ስንቅ መቀበል ነው። መናኸሪያ ላይ አንዱ «እባክዎ ይቺን ድፎ ለወንድሜ ያድርሱልኝ» ይላል፤ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ዋርድያው ድፎውን ሲቆርሰው ግን የሚጠየቀው አምጪው ነው። ወንጀሉ ማወቅንና ማሰብን ይፈልጋል፤ ስለዚህ በእውነት ያላወቀ መከላከያ አለው። ይሁንና ሰጪው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ መናገር ካልቻሉ ማን ያምንዎታል? መቀበል ግድ ከሆነ ሰጪው ፊት ድፎውን ይቁረሱ፣ የበሶውን ዕቃ ይገልብጡ፣ የልብሱን ስፌትና የጫማውን ሶል በጣትዎ ይዳብሱ። ሰውየው ከተቆጣ ዕቃውን ይመልሱለት።

መድኃኒትን ከምግብ ጋር መደባለቅ ብዙ ሰው ያልጠረጠረው ስህተት ነው። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታልና ለእንቅልፍ ወይም ለጭንቀት የሚሰጠው ዳያዜፓም ቁጥጥር የሚደረግባቸው ሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ) መድኃኒቶች ናቸው። ክኒኑን በፌስታል ቋጥረው ቆሎ ውስጥ ቢያኖሩት ሕመምተኛን መርዳትዎ ቀርቶ ድብቅ ዕፅ ማስገባት ይመስላል። ከነማሸጊያውና ከነሐኪም ማዘዣው ለብቻው ይያዙት፤ በር ላይ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ለማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ እንዲሰጥ ያድርጉ።

ጫት ገበያ ላይ ስለሚሸጥ ብቻ ማረሚያ ቤት ይገባል ማለት አይደለም። አረቄም እንዲሁ። የዕፅ ክስ ባያስከትሉም የግቢው ደንብ ይከለክላቸዋል።

ለታራሚው ውለታ የዋሉለት የሚመስላቸውም ይሳሳታሉ። አመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ በገደብ መለቀቅ፣ የሚታሰበው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ ጠባዩ መሻሻሉ ሲታይ ነው። ዕፅ የተገኘበት ታራሚ አዲስ ክስ ሊመጣበት ይችላል፤ አመክሮውም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ከተያዙ በኋላ ለዋርድያው ብር ለመሸጎጥ መሞከር ሁለተኛ ወንጀል ነው፤ የመጀመሪያውን ያመኑም ያስመስላል። ለመገላገል ብሎ መለፍለፍም አይበጅም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት አለዎት። ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለብዎት። የተያዘው ነገር ሲመዘገብ ምንነቱ፣ መጠኑ፣ ከየትኛው ዕቃ እንደወጣና ማን እንዳየው መጻፉን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ። ድፎው የሌላ ሰው ከሆነ ይህም በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈርልዎ።