ጅቡቲ ከመሄዳችሁ በፊት *#06# ንኩ

ታናሽ እህቴ ከድሬ በባቡር ወደ ጅቡቲ ልትሄድ ስትል ስልኳን ተቀብዬ *#06# ነካሁ። 15 አሃዝ ያለው አይ ኤም ኢ አይ፣ ማለትም የቀፎው መለያ ቁጥር፣ ወጣ። ስልኩ ባለሁለት ሲም ስለሆነ ቁጥሩም ሁለት ነው። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጻፈቻቸው። ስልኩ ውስጥ ብቻ እንዳታስቀምጡት፤ ከተሰረቀ አብሮ ይሄዳል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋርም አስተያዩ። እኔ አንዴ ከአንድ ሱቅ ሳላስተያይ ገዝቼ ቁጥሩ የሌላ ስልክ ሆኖ አገኘሁት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይሄ ቁጥር የቀፎው ነው፤ ሲም ብትቀይሩም አይቀየርም። ቀፎው በአንድ ኩባንያ ኔትወርክ የተቆለፈ እንዳይሆን የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም አስገብታችሁ እዚሁ ሞክሩ። የቤተሰብ ስልክ ደግሞ ከውጭ አገር ለመደወል እንዲሠራ በ09 ሳይሆን በ+251 መዝግቡ። ዳታ ሮሚንጉን (በውጭ አገር ኔትወርክ ኢንተርኔት የሚያስጠቅመውን) ባቡር ሳትሳፈሩ ዝጉት።