ከሸክላ የተቀዳ ዘፈን ላይ ጠቅታውንና ሽሽታውን በኦዳሲቲ ማጽዳት

በደቂቃ 45 ዙር የሚጫወት ሸክላ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.33 ሰከንድ ነው። ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ጭረት ካለበት መርፌው በየዙሩ እዚያው ላይ ያርፋል፤ በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ 135 ጊዜ «ጧ» ይላል ማለት ነው፤ ጠቅታ የምንለው ይህን ነው። በ33⅓ ዙር የሚጫወተው ትልቁ ሸክላ ደግሞ በየ1.8 ሰከንዱ። ሁለቱን ቁጥሮች ያዟቸው። ኋላ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ስታዩ የከበሮ ምት ይሁን ጭረት የምትለዩት በእነሱ ነው።

መጀመሪያ ሸክላውን አጽዱ፤ አቧራ ያመጣውን ድምፅ በኦዳሲቲ፣ ማለትም በድምፅ ማረሚያው ሶፍትዌር፣ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። አንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሩ። በለስላሳ ጨርቅ የመስመሩን ዙሪያ ተከትላችሁ አብሱ፣ በንጹህ ዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። መሃል ላይ ያለውን ወረቀት ውሃ አታስነኩት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በአማርኛ ሁሉንም «ሸክላ» እንበለው እንጂ፣ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ያስቀረጹበት ዓይነት የጥንቱ ባለ78 ዙርና፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን መሥርቶ ያሳተማቸው ባለ45 ዙሮች የተሠሩበት ነገር ይለያያል። የኋለኞቹ ፕላስቲክ ናቸው። የጥንቶቹን አልኮል ያሟሟቸዋል፤ አልኮል ያለበትን ማጽጃ ፈጽሞ አታስጠጓቸው። መርፌያቸውም ወፍራሙ የ78 መርፌ ነው።

ስትቀዱ ማጫወቻውን በፎኖ ፕሪአምፕ (የመርፌውን ደካማ ድምፅ አጉልቶ ቤዙን በሚመልሰው መሣሪያ) በኩል አገናኙ፣ ካልሆነ ድምፁ ቀጭንና ቤዝ አልባ ይሆናል። 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ዘፈኑ ሞኖ ቢሆንም በስቴሪዮ ቅዱ። «እምምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቀረጻውን አቁማችሁ የማጫወቻውን የግራውንድ ሽቦ እዩ። ይህ የመብራት ድምፅ ነው፤ ኢትዮጵያና አውሮፓ ውስጥ 50 ኸርዝ፣ አሜሪካ ውስጥ 60 ኸርዝ ላይ ይቀመጣል። በኋላ በኖች ፊልተር (በአንድ ኸርዝ ዙሪያ ያለውን ብቻ በሚቆርጥ ማጣሪያ) ይቆረጣል፣ ግን የቤዝ ጊታሩ ዝቅተኛ ሶል 49 ኸርዝ ስለሆነ አብሮ ይጎዳል። ሽቦውን ማጥበቅ ይሻላል።

ጥሬውን ቅጂ በዌቭ (WAV) ፋይል አስቀምጡና አትንኩት። ሥራው በሌላ ኮፒ ላይ ይሁን።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በሃይ ፓስ ፊልተር ከ25 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ እዚያ ያለው የሞተሩና የተጣመመ ሸክላ መናወጥ እንጂ ሙዚቃ አይደለም። ቀጥሎ ጠቅታው፣ ከዚያ ሽሽታው፣ ማለትም ከዘፈኑ ጀርባ ሳያቋርጥ የሚሰማው «ሽሽሽ»፣ ይምጣ። ሽሽታውን ካስቀደማችሁ ሽሽታ መቀነሻው ኖይዝ ሪዳክሽን ሹሉን ጠቅታ ዙሪያው ላይ ያዳርሰዋል፤ የተለጠጠን ጠቅታ ደግሞ ጠቅታ ማንሻው ክሊክ ሪሙቫል አያገኘውም።

ክሊክ ሪሙቫል ሲከፈት ትሬሾልዱ (አንድ ድምፅ ጠቅታ የሚባልበት ወሰን) 200፣ ስፓይክ ዊድዙ (የጠቅታው ትልቁ ስፋት) 20 ላይ ነው። ትሬሾልዱ ዝቅ ሲል ብዙ ይይዛል፣ የሚይዘው ግን ጠቅታ ብቻ አይደለም። ለፕሮግራሙ ጠቅታ ማለት ድንገት ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ድምፅ ነው፤ የክራር ክር ሲመታም፣ የትራምፔት አነሳስም፣ የከበሮ ዱላም እንዲሁ ናቸው። ከሁሉም የሚጎዳው በገና ነው። «ዝዝዝ» የሚለውን ድምፅ የሚሰጠው በክሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ነው፤ ይህ ንዝረት ለፕሮግራሙ የጠቅታ መዓት ይመስለዋል። በገና ያለበትን ቅጂ በክሊክ ሪሙቫል በጅምላ አታስኬዱት፤ በእጅ ብቻ ሥሩት። ለሌላው ከ200 ጀምሩ፣ አሥር ሰከንድ ያህል ሞክሩና ስሙ። የትራምፔቱ ድምፅ ከደነዘዘ ወይም «ጰ» እና «ጠ» ከለሰለሱ በUndo ወደ ነበረበት መልሳችሁ ትሬሾልዱን ከፍ አድርጉ።

የተረፉት ትልልቅ ጠቅታዎች በእጅ ይነሳሉ። ወደ ስፔክትሮግራም እይታ (ወፍራሙን ድምፅ ታች፣ ቀጭኑን ላይ አድርጎ በሥዕል ወደሚያሳየው) ቀይሩ፤ ጠቅታ ከላይ እስከ ታች የቆመ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። 1.33 ሰከንድ ወደፊት ሂዱ፤ እዚያም ሌላ መስመር ካለ ጭረቱ ነው። ነጠላ ነጠላ ነጥቦቹ እስኪታዩ አጉሉ፣ ሹሉን ክፍል ብቻ ምረጡ፣ ሪፔር (Repair) የሚለውን መጠገኛ ተጫኑ። ሪፔር የሚቀበለው ቢበዛ 128 ሳምፕል (ነጥብ) ነው፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ። ግራና ቀኙን አይቶ መሃሉን ስለሚሞላ ከምርጫችሁ ውጪ ጤነኛ ድምፅ ሊተርፍለት ይገባል። ጭረቱ አንዱ ቻናል ላይ ብቻ ከሆነ ትራኩን ለሁለት ከፍላችሁ የተጎዳውን ብቻ ጠግኑ። ሞኖ ዘፈን ከሆነ፣ ጠቅታው ከተነሳ በኋላ ሁለቱን ቻናል ወደ ሞኖ ደባልቁ፤ ሙዚቃው ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይቆያል፣ የማይመሳሰለው ሽሽታ ግን እስከ 3 ዴሲቤል ይወርዳል። ይህን ያህል የሚያተርፍና ዘፈኑን የማይጎዳ ሌላ እርምጃ የለም።

ለኖይዝ ሪዳክሽን ናሙናው የሚወሰደው መርፌው መስመሩ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ካለው አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። መርፌው አየር ላይ ሳለ ከወሰዳችሁት የአምፕሊፋየሩን ድምፅ እንጂ የሸክላውን አታገኙም። ናሙናው ውስጥ ጠቅታ አይኑር። ቅነሳውን 6 ዴሲቤል፣ ሴንሲቲቪቲውን (ምን ያህሉን ድምፅ እንደ ሽሽታ እንደሚቆጥር) 4፣ ስሙዚንጉን (ቅነሳውን የሚያለሰልሰውን) 6 አድርጉ። ከዚያ ሬዚዲዩ የሚለውን ምረጡና ፕሪቪው አድርጉ፤ የምትሰሙት የሚጣለውን ነው። ሽሽታ ብቻ ከሆነ ደህና። የዘፋኙ ድምፅ ወይም የመሲንቆው ጭራ ሲፋቅ ከተሰማ እየጣላችሁ ያላችሁት ዘፈኑን ነው፤ ሴንሲቲቪቲውን ቀንሱ። ሲጨርስ ከውሃ ውስጥ እንደሚመጣ ዓይነት ፍልቅልቅታ ካለም ቅነሳው በዝቷል። ትንሽ ሽሽታ ይቅር፤ ጆሮ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይረሳዋል፣ የተበላ ድምፅ ግን እስከ መጨረሻው ይረብሻል።

ከፍ ባለ ቃል ላይ ሁሉ የሚሰነጠቅ፣ በተለይ ወደ ዘፈኑ መጨረሻ የሚብስ ድምፅ መርፌ የበላው መስመር ነው። ከላይ ያሉት አንዳቸውም አያድኑትም፤ ያላችሁ ዕድል ሌላ ኮፒ መፈለግ፣ ወይም ሌላ ቅርጽ ያለው መርፌ ገጥሞ እንደገና መቅዳት ነው።

በመጨረሻ በኖርማላይዝ ወደ -1 ዴሲቤል አንሱና በ24 ቢት ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ መጠኑን በሚያሳንስ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ። ኤምፒስሪው ከዚያ ይወጣል። በፋይሉ ስም ላይ ከዘፋኙና ከዘፈኑ ጋር በሸክላው ወረቀት ላይ የታተመውን ቁጥርና «ጥሬ» ወይም «የጸዳ» የሚለውን ጻፉ።